ለልክ የተሰፋ ማሰሪያ

ረቡዕ፣ የካቲት 3

ሦስት ሱሪ ቆረጥኩ፣ ሁለት ዚፕ ቀየርኩ። ጉልበቴ እንደተለመደው ያመኛል።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ውሻዋን ይዛ መጣች። ነገ ሆስፒታል ትገባለች፣ ዓርብ ጀርባዋን ይከፍቷታል። ከኅዳር ወዲህ ግራ እግሯን እየጎተተች ነው... የስፖርት አስተማሪ እግር መጎተቱ ራሷን አሳቃት። እኔን አላሳቀኝም።

ውሻው ችኩል ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። ገና ከመግባቱ የክር ሳጥኔን ገለበጠ። ከዚያ የስፌት መኪናው ሥር ገብቶ መርገጫውን ይልሳል! በሥራ ቀን ግቢው ይበቃዋል አለች።

"ቅዳሜና እሁድ ግን ካላሮጥከው ቤትህን ያፈርስልሃል፣ ጋሼ።"

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቶ፣ በድንጋይ መፍለጫው በኩል፣ ኮረብታው ላይ እስካለው የውሃ ታንከር። ከዚያ በወንዙ ዳር መመለስ። ይህን ሁሉ ለእኔ፣ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ለሚያርፈው ሰውዬ። እሺ አልኳት። ሆስፒታል ለሚገባ ሰው ምን ይባላል?

ዓርብ፣ የካቲት 5

ቀዶ ጥገናው አምስት ሰዓት ፈጀ። ኮሪደር ላይ ቆሜ የግድግዳ ንጣፍ ቆጠርኩ። ሐኪሙ "እንግዲህ እንጠብቅ" አለኝ። ምኑን? አላስጨረሰኝም፣ ሄደ። እሷ እንቅልፍ ላይ ነበረች። ብርድ ልብሱን አስተካክዬላት ወጣሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ...

ቤት ስገባ ያ ጉድ ገመዱን በልቶት ጠበቀኝ። በጥርሱ በጣጥሶ፣ ኩራት በኩራት ሆኖ። ለነገ የሚታሰርበት የለም። ከአሮጌ ሻንጣ ማንገቻ ፈታሁና ውሻውን ለካሁት። ደረት ስልሳ ስምንት፣ አንገት አርባ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ በበሩ አንገቱን አስገብቶ "ልትድረው ነው?" ብሎ ሳቀ።

በእጅ መርፌ ጠቀም ጠቀም አድርጌ ሰፋሁት። ለልክ ያህል ብቻ። ልብስ ሁሉ እንደዚያ ነው፣ መጀመሪያ ላላ ተደርጎ በእጅ፣ ተለክቶ ከታየ በኋላ በመኪና። ነገ ከመውጣታችን በፊት በመኪና እደግመዋለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 6

 በሥርዓቱ ልጻፈው።

ገና ሳይነጋጋ በሩን እየቧጨረ ቀሰቀሰኝ። ማሰሪያውን አጠለቅኩለት። ልክክ አለ! ደስ አለኝ፣ እንደ ሞኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁት። እሱ መዝጊያውን ሊበላ ነው። ወጣን። ወጣን ከምል ጎተተኝ ብል ይሻላል።

እውነቱን ካልኩ ደስ ብሎኝ ነበር። ድንጋይ መፍለጫው ጋ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አለ፣ ዘሎ ገብቶ እኔንም ጭቃ አለበሰኝ። ሁለት ሯጭ ልጃገረዶች ስሙን እየጠሩ ሰላም አሉት። እኔን ማንም አያውቀኝም። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ታንከሩ ጋ ደረስኩ። እኔ! እነግራታለሁ ብዬ ስልኬን ላወጣ ስል ቆቅ ብድግ አለች።

አንዴ ሳበ። ጠ... ጠ... ጠ... አለ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ሠላሳ ዓመት ስፌት ስፈታ የሰማሁት ነው። በመኪና አልደገምኩትም። ረስቼዋለሁ። ማንገቻው እጄ ላይ ቀረ፣ ውሻው ሄደ።

ጠራሁት። ድምፄን አያውቀውም። የታንከሩ ዘበኛ ወጥቶ "የአስተማሪዋ ውሻ አይደል? እሷስ ወዴት ሄደች?" አለኝ። አብሮኝ እስከ ስድስት ሰዓት ፈለገ። የለም።

አመሻሽ ላይ ደወለች። ሮጠ ወይ አለች፣ ሮጠ አልኳት። ይሄ ውሸት አይደለም። አንቺስ ስላት ደህና ነኝ፣ እግሬንም ሞቅ ብሎታል አለችኝ። ተመስገን። እሱስ አሁን ምን እያደረገ ነው አለች። ተኝቷል አልኩ።

ይሄኛው ውሸት ነው።

እሁድ፣ የካቲት 7

ወንዙን በዚህም በዚያም። የለም። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ አለኝ። ልጠይቃት አልሄድኩም፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ደወለች። "እስቲ አስጩኸውና ድምፁን ልስማ" አለች። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው ብዬ ዘጋሁባት። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 8

ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ሱቄን አንኳኳ። ሲመጣ በእህቴ ቤት በኩል አልፎ፣ በሯ ላይ አንድ ውሻ ተኝቶ አይቷል። ሮጥኩ። ባበጠ እግሬ!

እሱው ነው። የተቆለፈው በር ሥር ተጠቅልሎ። የማሰሪያው ግማሽ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ መዳፉ ተልጧል። ሥጋ ገዝቼ አቀረብኩ፣ አላሸተተውም። ሳብኩት፣ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ለመንኩት። ሰው ሰምቶኝ ቢሆን አብዷል ይለኝ ነበር። በሩን ብቻ ያያል። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት... ከዚያም በላይ።

መጨረሻ ላይ ደወልኩላት። ሁሉንም አወጣሁት፣ ክሩን፣ ቆቋን፣ ተኝቷል ያልኩትን።  ስድቡን ጠበቅኩ።

"እኔም ዋሽቼሃለሁ፣ ጋሼ" አለች። "እግሬን ምንም አልሞቀውም። አሁን ሁለቱም አይሰሙኝም። ሐኪሙ ቅዳሜ ጠዋት ነው የነገረኝ፣ አትቆሚም ብሎኛል... ለሁልጊዜው።"

 የውሻውን የተላጠ መዳፍ በእጄ ጠረግኩ። ታላቅ ወንድም ተብዬ!

ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ አለች። አደረግኩ። የአስተማሪ ድምፅ ነው፣ እኔም ሰማሁት።

"ችኩል፣ ተነሥ። ከጋሼ ጋር ሂድ።"

ተነሣ። በሩን አንዴ አሽትቶ ተከተለኝ።

ባይነሣ ይሻለኝ ነበር፤ ለእኔ ተወችው ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 13

ማሰሪያውን በወፍራም ክር ሦስት ጊዜ በመኪና መታሁት። ከዚያ ደግሞ በእጅ። አሁን በሬ ይይዛል። ለማን እንደሚጠቅም እንጃ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። በሯ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ቆምኩለት። ከዚያ ሄድን። ታንከሩ ጋ አልደረስንም፣ ጉልበቴ ድንጋይ መፍለጫው ላይ እምቢ አለኝ። ተቀመጥኩ። ገመዱን እየሳበ ኮረብታውን ያያል፣ እኔን ያያል። ምን ላድርግህ አልኩት።

ደወለች። የት ደረሳችሁ? ድንጋይ መፍለጫው ጋ፣ ከዚህ አላለፍንም አልኳት። እሺ አለች። ድምፁን ልስማ አለች ደግሞ።

እንዲጮህ ብለምነው እምቢ አለ። ያለከልካል ብቻ፣ ምላሱ ወጥቶ። ተወው፣ ማለክለኩ ይበቃኛል አለች። ስልኩን አፉ ላይ ያዝኩት። ታለቅሳለች መሰለኝ፣ አልጠየቅኩም። ክንዴ ደነዘዘ፣ በሌላው እጄ ቀየርኩ። እሷ እስክትዘጋው ድረስ ያዝኩላት።