ኮሸሽላውን አልነቅልም

ኮልፌ፣ ጥቅምት 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለአማቴ፣ ለእማማ፤

ክረምቱ እንዴት አወጣዎት? ያ ጉልበትዎን የሚያስቸግርዎት ቁርጥማትስ ተሻለዎት? ሳንሱሲ ከእኛ ሰፈር ይልቅ ብርዱ ይጠናል ሲሉ ሰምቻለሁና ወፍራሙን ጋቢ ሳይደርቡ ደጅ እንዳይቀመጡ። እኔን ከጠየቁኝ፣ አምላክ ይመስገን፣ ሰውነቴም እንቅልፌም ደህና ነው። ሰው የሚያወራብኝን ያህል አልታመምኩም።

እነ አቶ ይገዙ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጥተው መልእክትዎን አድርሰውልኛል። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ እሾሁ እንዳይነካቸው ጋቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በሩ ላይ ቆመው ተናገሩ። ከእኔ በኋላ ለልጅዎ ያመጡለትን ሚስት፣ የሰርኬን ማሕፀን ያሰረው ግቢዬ ውስጥ የተከልኩት እሾህ ነው ብሎ አንድ አዋቂ ነግሮዎታል አሉ። እስከ ኅዳር ጽዮን ሁሉንም ነቅዬ እንዳቃጥል፣ ካልሆነ ግን ሰርኬ ወሊሶ ወደ አባቷ ቤት እንደምትመለስ፣ እኔም አጥቢያ ዳኛ ፊት እንደምቆም ነገሩኝ። መልሴን በሽማግሌ አፍ መላክ አልፈለግሁም፤ መንገድ ላይ ይለዝባል። ስለዚህ በገዛ እጄ ጻፍኩት። አልነቅልም።

ለመሆኑ እሾሁን ማን እንዳመጣብኝ ረሱት? እርስዎ ነዎት እኮ እማማ። ከዚህ ከአባቴ ከወረስኩት ግቢ ልጅዎን ይዘው የወጡ ዕለት፣ አልጋው ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እያየ፣ በሩ ላይ ዞር ብለው መካን አሉኝና ደጅሽ እሾህ ያብቅል ብለው ረገሙኝ። ደጁ እሾህ ያበቀለ ቤት ዘር ያለቀበት ቤት መሆኑን አገር ያውቃል። ለሴት ልጅ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። እኔ እኮ የእርስዎን እግር ሳጥብ፣ ሲታመሙ ሳስታምም ኖሬ ነበር። በሩን ዘግቼ ብዙ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ክረምት ልክ እርስዎ የቆሙበት ቦታ ላይ አንድ የዳንደር እሾህ ብቅ አለ። ማንም አልዘራውም። ሳየው ዶማ ይዤ ወጣሁና በላዩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ግን ንዴት መጣብኝ። እርግማን መሆኑ ካልቀረ ለምን ተደብቆ ይበቅላል? በመስመር እተክለዋለሁ አልኩ። ዶማውን መልሼ ዙሪያውን ኮተኮትኩለት። መስከረም ላይ ወይን ጠጅ አበባ አወጣ፤ የሰፈሩ ንብ ሁሉ እኔ ቤት ከተመ።

ጎረቤቴን ጉዲቱን ያውቋታል፤ ያቺ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው። የኮሸሽላ ሥር አምጪልኝ ብላት ያመመኝ መስሏት ግንባሬን ዳበሰችኝ። በእነሱ አገር ኮሸሽላ የሚተከለው ከብት እንዳይገባ ለአጥር ነው እንጂ ለዓይን አይደለም። ቢሆንም ከወንዙ ዳር ቆፍራ አመጣችልኝ። ሌላውን እሾህ፣ ቀበሪቾን ደግሞ፣ ከመናገሻ በኩል እንጨት ተሸክማ ከምትመጣ ሴት ፍሬውን ለምኜ ዘራሁት። ኮሸሽላውን ከአጥሩ ጋር፣ ዳንደሩን ከመግቢያው ግራና ቀኝ፣ ቀበሪቾውን ድንጋይ በበዛበት ጥግ አደረግኩ። እነዚህ ነገሮች ጠባያቸው ደስ ይላል። ፍግ ከሰጧቸው ቅጠል ብቻ ሆነው ይዘናፈላሉ፣ ውሃ ካበዙባቸው ይበሰብሳሉ፤ ትንሽ ቸል ሲሏቸው ነው የሚያምሩት። እጄን በጆንያ ጠቅልዬ የደረቀውን ግንድ እቆርጣለሁ፤ ፍሬ የያዘውን ለወፎቹ እተወዋለሁ። አሁን ቢያዩት! ኮሸሽላው ቀይ አበባውን እንደ ጧፍ አቁሞ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም የሚመለሰው ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሥር ስጪኝ ይላል።

ባለፈው ሰኔ የሆነውን ሳያውቁ አይቀሩም። ቤተ ክርስቲያን በሄድኩበት ልጅዎ ሁለት ዘመዶቹን ይዞ ገብቶ ግቢውን በዶማ ከትክቶት ሄደ። ስመለስ የታረሰ ማሳ መስሎ ጠበቀኝ። እንደገና አለቀስኩ፤ ይህን አልደብቅዎትም። ጉዲቱ ግን መጥታ ባየች ጊዜ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ኮሸሽላ የሚራባው በሥሩ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በዶማ አይከትፈውም። ጣት የምታህል ቁራጭ ሥር ሁሉ የሐምሌን ዝናብ ስታገኝ ለብቻዋ በቀለች። ዱሮ አጥሩ ሥር ብቻ የነበረው አሁን እስከ ጓሮ ደርሷል። አዋቂው ቢነቀልም ይበዛል፣ ድግምት ነው ማለቱን ሰምቻለሁ። ድግምት አይደለም እማማ፤ የልጅዎ ዶማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰርኬ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። እባክዎ አይቆጧት፤ ጨንቋት ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ በሩ ላይ ተንበረከከችና ማሕፀኔን ፍቺልኝ ብላ ለመነችኝ። በጠበሉና በጾሙ ብዛት ከስታ አንገቷ ቀጥኗል። አንስቼ ወደ ቤት አስገባኋት፤ እህል አቀመስኳት። እሾሁ ቢሆን ኖሮ፣ እማማ፣ ለዚያች ልጅ ስል በጥፍሬ እነቅለው ነበር። እሾሁ ግን አይደለም። ዛሬ ብነቅልላት ለጥምቀት ሌላ ነገር ይገኝባታል፣ ዓይኗ ነው ይባላል፣ ኮከቧ ነው ይባላል፤ መጨረሻዋ ያው ወሊሶ ነው። መካን የሚለውን ስም ይዛ ትገባለች። ያ ስም ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ፤ ገበያ ውስጥ ሰው ልጁን ከፊቴ ሲያሸሽ አይቻለሁ። ለሷ አልመኝላትም።

እኔና ልጅዎ ሐኪም ዘንድ የሄድን ጊዜ ትዝ ይልዎታል? እርስዎ ነበሩ ሂዱ ያሉን። ሁለታችንንም መረመሩን። በኋላ ሐኪሙ መጀመሪያ እሱን ለብቻው አስገባው፤ ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ፌርማታው ላይ አውቶብሱ መጥቶ ቆመ፣ አልተሳፈረም። በእግራችን መጣን። የወንዙ ድልድይ ላይ ሲደርስ ቆመና አንድ ነገር ለመነኝ። እወደው ነበር፤ እሺ አልኩት። ቤት ስንገባ እርስዎ ከአልጋዎ ቀና ብለው ከማን ነው ብለው ጠየቁ። እሱ መሬት መሬት ያይ ነበር። ከእኔ ነው ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም ያውቃሉ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልዎት መምሬ ገብረወልድ ናቸው። እሳቸው ማንበብ ይችላሉ፤ እንዳያነቡልዎት ግን እግራቸው ላይ ወድቄ ለምኛቸዋለሁ። ተአምረ ማርያምን በየወሩ የሚያነብልዎት ልጅዎ ነው፤ ይህንንም እሱ ያንብብልዎት። መምሬ ወረቀቱን አይተውታል፤ ንባቡ እስኪያልቅ ድረስ ከአጠገብዎ ይቀመጣሉ።

ወንድይፍራው፣ ይህ ለአንተ ነው፤ ቢሆንም ጮክ ብለህ አንብበው። ድልድዩ ላይ የለመንከኝን ሰጥቼሃለሁ። አንተ ከሄድክ በኋላ እንኳ ለጉዲቱ፣ ለንስሐ አባቴም ቢሆን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ መምሬም ያወቁት ከዚህ ወረቀት ነው። እኔ ፈቅጄ ተሸከምኩልህ። ሰርኬ ግን አልፈቀደችም፤ ጠይቀሃትም አታውቅም። ለሁለተኛ ሴት ልታሸክመው ስትነሳ ዝም ብዬ አላይህም። አልጠላህም። ብጠላህ ኖሮ ይህን በሽማግሌዎች ፊት እናገረው ነበር።

እማማ፣ ሰርኬን ካስወጧት ወሊሶ አትሄድም። እኔ ጋ ትመጣለች፤ አልጋ አንጥፌላታለሁ። ዳኛ ፊት ከቀረብኩም እቀርባለሁ፤ ዳኛው የሚጠይቀኝን ሁሉ እውነቱን እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ነገሩ በቤታችሁ ውስጥ እንዲያልቅ ብዬ ነው የጻፍኩልዎ።

የልጅዎ ድምፅ እዚህ ላይ ከተቋረጠ አይቆጡት። ውሃ ይስጡት፤ እጁን ይያዙት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ሲረጋጋ ሐኪሙ ለብቻው አስገብቶ ምን እንዳለው ይጠይቁት። እኔ አልነግርዎትም፤ የመናገሩ ተራ የሱ ነው።

አምላክ ዕድሜዎን ያርዝምልዎት፣ ጉልበትዎን ያበርታልዎት፤ ዛሬ የሚሰሙትንም የሚችል ልብ ይስጥዎት።

አክባሪዎ፣
ምራትዎ