በስሜ ያስገባሁት ሲቪ

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለቢታንያ፣

ጅማ እንዴት ይዞሻል? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኛ ጋ ከወጨጫ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ አያስወርድም። አከራያችን ኦቦ ተድላ በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ? ልጅቷስ ደወለች?" ይሉኛል። እናትሽ ደህና ናት፤ ሹራብሽን ሠርታ ልትጨርስ እጅጌው ብቻ ቀርቷታል።

ስልክ ትቼ የምጽፍልሽ፣ ድምፅሽን ስሰማ "ሁሉ ሰላም ነው" ብዬ እንደምዘጋው ስለማውቅ ነው። ዋናውን ነገር ላስቀድም፤ ለሬዲዮ ጣቢያው ኢንተርንሺፕ እንደ ናሙና የላክሁልሽን የእኔን ሲቪ ገልብጠሽ አታስገቢ። "እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው" ብዬሽ ነበር። አልጻፍኩትም። ከኢንተርኔት የገለበጥኩት ነው፤ የለወጥኩት ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው።

የማስታወቂያ ድርጅቱ የጽሑፍ ክፍላችንን ከዘጋ ወዲህ ሥራ እየፈለግሁ መሆኔን ታውቂያለሽ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሳሙና፣ የሰው ሲሚንቶ፣ የሰው ክሊኒክ በጽሑፍ ሳስተዋውቅ ኖሬ፣ ስለ ራሴ አንድ ገጽ መጻፍ አቃተኝ። በጀመርኩት ቁጥር የሠራሁት ሁሉ ያንስብኛል። በመጨረሻ የሌላ ሰው ቃል አማረኝና ወሰድኩት፦ "ብራንዶችን ወደ አዲስ ከፍታ ያሻገረ ስትራቴጂካዊ ባለ ራእይ።" ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቂኝ አላውቅም።

ባለፈው ወር ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። መጠበቂያው ላይ ሐኒን አገኘኋት። ሥራ ስትጀምር እኔ ያለማመድኳት፣ የዓለም ገናዋ ልጅ። "ጋሽ ባርናባስ!" ብላ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። እሷም ለዚያው ቦታ ነው የመጣችው።

ተራ በተራ ይጠሩናል ስንል አንድ ላይ አስገቡን። ኃላፊዋ ወይዘሮ ኤዶም የሁለታችንንም ሲቪ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች።

"ይህችን አንቀጽ ሁለታችሁም ቃል በቃል ጽፋችኋታል። የማናችሁ ናት?" አለች።

ሐኒ አንገቷን ደፋች። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ?

"ያለማመድኳት እኔ ነኝ። ምናልባት ከእኔ ወስዳ ይሆናል።"

እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ። ሐኒ ቀና ብላ አየችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ግን ድንጋጤ ነው። ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞረች።

"አዎ፣ ከጋሽ ባርናባስ ነው የወሰድኩት። ይቅርታ።"

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። እኔ ቀረሁ። የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ፤ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም።

ከአየር ጤና ወደ ሰበታ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ስገባ ሐኒ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አልዞረችም። ዓለም ገና ስትወርድ ለረዳቱ ብር እየሰጠች "የኋላውን ጋሼንም ከዚህ ቁረጥ" ስትለው ሰማሁ።

እናትሽ "እንዴት ነበር?" አለችኝ። "ጥሩ" አልኳት።

በማግሥቱ ተመልሼ ሄድኩ። ጥበቃው አላስገባ ስላለኝ ወይዘሮ ኤዶም ከመኪናዋ እስክትወርድ በር ላይ ጠበቅኳት።

"ያ ጽሑፍ የእኔ አይደለም" አልኳት። "የሐኒም አይደለም። ሁለታችንም ከአንድ ድረ ገጽ ነው የገለበጥነው፤ የእኔን ሲቪ አይታው አታውቅም። ከእኔ ወሰድኩ ያለችው እኔን ልትሸፍን ነው።"

"ትናንት ለምን አላሉም?"

"አፈርኩ።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ ባሰብኝ።"

የመኪናዋን በር ዘግታ "እስቲ ከሠሩት ሁሉ አንዱን በራስዎ ቃል ይንገሩኝ" አለች። አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ምን መደረግ እንዳለበት ለአንድ ክሊኒክ ስለጻፍኩት በራሪ ወረቀት ነገርኳት። እናቶች ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው፣ ልጆቻቸውን ሳይዘገዩ ማምጣት እንደጀመሩ ነርሶቹ ደውለው ነግረውኝ ነበር።

"ይሄ ሲቪዎ ላይ ለምን የለም?"

"ትንሽ መሰለኝ።"

ራሷን ነቅንቃ ገባች።

ሐኒን መልሰው ጠሯት፤ የጽሑፍ ፈተና ሰጧትና ሥራውን አገኘች። እሰየው፤ ከልቤ ነው። ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ስድብ ጠብቄ ነበር የሄድኩት። "ይግቡ ጋሼ፣ ብርድ ነው" አለችኝ። "ጋሼ" ማለቷን አለመተዋ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ልጄ፣ ያንቺን ራስሽ ጻፊው። ስለ ዩኒቨርሲቲ ግቢያችሁ የውሃ ችግር የጻፍሽውን አስገቢ፤ ሰዎች ካነበቡት በኋላ ምን እንደተለወጠ በአንድ መስመር ንገሪያቸው። ትልቅ ቃል አትፈልጊ። እኔም የራሴን እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ፤ ግማሽ ገጽ ደርሷል።

ጽፈሽ ስትጨርሺ እንደ ወትሮው "አባ፣ እስቲ እየው" ብለሽ ትልኪልኝ እንደሆነ አላውቅም። አልፈርድብሽም። ብትልኪው ግን አንድ ፊደል ሳልነካ አነበዋለሁ።

እግዚአብሔር በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምሽ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ አባትሽን ካገኘው ዓይነት ቀን ይሰውርሽ።

አባትሽ
ባርናባስ