ሰባት ማህተም ያረፈበት ያልተከፈተ ሣጥን

ለተከበሩ አቶ ኦኩሙራ ሳዳሃሩ
የሚናሞሪ ከተማ ሕዝባዊ ትምህርት አዳራሽ የመሣሪያ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ ይሁንልዎ እያልኩ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ የማክሰኞው የጀማሪዎች ኤሌክትሮኒክስ ክፍል ተማሪ፣ የሰባ አንድ ዓመቷ ኪሪታኒ ፉሚዬ ነኝ። የተመዘገብኩት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቤቴ በር ሲከፈት የሚጮህ ደወል ለመሥራት። ባለቤቴ ሹዞ ሠላሳ አምስት ዓመት ባቡር የነዳ ሰው ነው፤ አሁን ግን አእምሮው ስለከዳው፣ ልብስ ላሰጣ ዘወር ባልኩ ቁጥር ቆቡን አድርጎ ወደ ሐዲዱ ይሄዳል።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። በአንድ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ትእዛዝ የሚቀበል፣ የአንደኛ ደረጃ ልጆች የሚጫወቱበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በየሱቁ ሞልቶ ሳለ፣ እርስዎ ለእኛ ለጀማሪዎቹ የፋብሪካ መሐንዲሶች የሚሠሩበትን መረጡልን። ከፕሮግራሙ አንድ መስመር በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙ የሚጻፍባትን ጥፍር የምታህል ቺፕ ከሰሌዳው ነቅሎ ወደ መጻፊያው መሣሪያ፣ ከዚያም መልሶ ወደ ሰሌዳው መሰካት ነው። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የሦስት ቺፖችን እግር ሰብሬያለሁ።

ሁለተኛ፣ የግዢው ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየሁት። ሰባት ማህተም አለበት፤ ስድስቱ፣ የበታች ማህተሙን ወደ አለቃው አዘንብሎ ያሳርፍ በሚለው የቢሮ ደንብ፣ ወደ እርስዎ ማህተም ዘንበል ብለው እጅ ነስተዋል። እንዴት ያለ ጨዋነት ነው። ከሰባታችሁ ግን አንዳችሁም የመሣሪያውን ሣጥን አልከፈታችሁም፤ እሽጉን የቀደድነው እኛ ተማሪዎቹ ነን። ብትከፍቱት ኖሮ የመጻፊያው መሣሪያ ፕሮግራም በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንደሚሠራ የሚናገረውን ወረቀት ከላይ ታገኙት ነበር። አዳራሹ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር አንድ ነው። አሥራ ስድስት ሽማግሌና አሮጊት ለእርሱ ተሰልፈን ሦስት ወር ሞላን፤ አንዲት አምፖል እንኳ አላበራንም።

ሦስተኛ፣ ቀላሉን ሰሌዳ ራሴ ገዝቼ ልምጣ ብዬ ስለምንዎት፣ «እማማ፣ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ዕቃ እዚህ አይገባም። ደግሞ ከከባዱ ካልጀመሩ መቼም አይገባዎትም፤ በዚህ ዕድሜ ምን ያስቸኩልዎታል?» አሉኝ። በዚያው ሳምንት የአትክልት ነጋዴዋ ሹዞን ከባቡር ማቋረጫው አጥር ውስጥ ጎትታ አወጣችልኝ። ያስቸኮለኝ እሱ ነበር፣ ክቡር ሆይ። አፍሬብዎታለሁ።

ማህተሟን ቀጥ አድርጋ ያሳረፈች፣ ወገቧን ስለሚያማትም ከዚህ በላይ እጅ መንሳት ያልቻለች አክባሪዎ፣
ኪሪታኒ ፉሚዬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቀላሉን ሰሌዳ ገዛሁት። በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አምፖሉን በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደወሉን በሳምንቱ ሠራሁ፤ ድምፁንም የጣቢያ ደወል አስመሰልኩት። ትናንት ሹዞ በሩን ሲከፍት ጮኸ። ቆቡን አስተካክሎ በበሩ ደፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና «ገና የመነሻ ምልክት አልተሰጠኝም» አለኝ፤ እጁን ይዤ አስገባሁት። ሣጥን ሳይከፍት ማህተም የሚያሳርፍን ሰው የሚያስቆም ደወል ግን እንዴት እንደሚሠራ እስካሁን አላወቅሁም።