ብቻህን የቆምክ ዕለት

ካስዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በሙት ዓመትህ ሰው ሁሉ ደግነትህን ሲያወራ እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ሐዘን መስሏቸው አጽናኑኝ።

ዛሬም እዚያው ፊትዝሮይ ሰፈር፣ እዚያው አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ነን። ልጃችን ማህሌት በቁመት በልጣኛለች፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ደብተሮችህን ከነበሩበት አላነሳኋቸውም።

ያን የአሜሪካ ሠራተኞች ታሪክ መጽሐፍ ስታነብ ትዝ ትለኛለህ። ደሴ አስተማሪ ሳለህ ደርግ በየዓመቱ በሠራተኞች ቀን በግድ ያሰልፍህ ነበር። ቀኑ "በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ እንሥራ" ብለው ከተነሡት የቺካጎ ሠራተኞች የመጣ መሆኑን ያወቅከው እዚህ ስደት ከመጣን በኋላ ነው። "ለካ የራሳችንን በዓል ነው በዱላ ያስከበሩን!" ብለህ ሳቅህ። የኒውዮርኩን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ታሪክ ስትነግረኝ ግን አልሳቅህም። አሠሪዎቹ ሠራተኛ እንዳይሰርቃቸው በሩን ቆልፈውት እሳት ተነሣ። ከመቶ በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ እንደኛ ከአገራቸው ወጥተው የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ከመስኮት የዘለሉም አሉ። ባለቤቶቹ ተከሰው ነፃ ወጡ።

እኔና አንተ አበባ ጎመን በምናሽግበት፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው የዌሪቢው መጋዘን አለቃችን የኋላውን በር በጓጉንቸር የቆለፈው በዚያው ሰሞን ነው። ሠራተኛ እየወጣ ሲጋራ ያጨሳል ብሎ። ምሳ ሰዓት ላይ ታሪኩን ለሁሉም ነገርካቸው። አሥራ ሁለት ሰው "አብረን እንናገራለን" አለ። እኔም ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ነበርኩ።

በማግሥቱ አለቃው ሲገባ ወደ ፊት ወጥተህ "በሩ ይከፈት፤ የሁላችንም ጥያቄ ነው" አልከው።

ወደ እኛ ዞሮ "ሌላስ ማን አለ?" አለ።

ማንም አልተነቃነቀም። አንተ እኔን አየኸኝ። እኔ የያዝኩትን ጎመን ቅጠሉን መገንጠል ቀጠልኩ።

"ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ" አለህ። ያን ቀን ሺፍቴን ጨርሼ ስመጣ እራት ሠርተህ ጠበቅከኝ። አንዲት የወቀሳ ቃል ከአፍህ አልወጣም። ምነው በተቆጣኸኝ! ከስምንት ወር በኋላ ልብህ በድንገት ቀጥ ስትል፣ ያን ቀን አንዴም ሳናነሳው ሄድክ።

ባለፈው ወር የማሸጊያው ማሽን እሳት አስነሣ። ካርቶኑ ተያያዘ፤ የፊቱ በር በጭስ ታፈነ። ወደ ኋላው በር ሮጥን። ጓጉንቸሩ እዚያው ነው። የዕቃ ማንሻ መኪናው ሾፌር በሩን ገጭቶ ሰበረልን። የሞተ የለም፤ አጠገቤ የምትሠራው ቬትናማዊት ጓደኛዬ ግን እጇ ተቃጥሎ እስካሁን ጣቶቿ አይታጠፉላትም።

በሳምንቱ አዲስ በር ተገጠመ። አለቃው ሰብስቦን ሁልጊዜም ለደኅንነታችን እንደሚያስብ ነገረን። ያኔ ወደ ፊት ወጣሁ።

"ባለቤቴ ይህን ነግሮህ ነበር። አባረርከው" አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

"ባለቤትሽ ማን ነበር?" አለኝ።

የምሩን ነው፣ ካስዬ። ረስቶሃል። ስምህን ጮክ ብዬ ነገርኩት፤ ደገምኩለት። ሊጠራው እንኳ አልቻለም። አንተ ስትናገር ዝም ካሉት ሦስቱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ዘግይተው፤ እኔም ዘግይቼ። ሥራዬን አልነጠቀኝም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ያኔ አሥራ ሁለታችንም ብንወጣ ምን ያመጣ ነበር?

ትናንት ሁሉንም ለማህሌት ነገርኳት።

"ለምን አብረሽው አልቆምሽም?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

"ስለ አንቺ ብዬ ነው" ማለት እችል ነበር። "ፈርቼ" አልኳት። ምግቧን ትታ ተነሣች። ዛሬም ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ካስዬ፣ ስለ አንተ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ደግ ነበር ብዬ ብቻ አላልፈውም። ብቻህን እንደቆምክ እነግራቸዋለሁ፤ ብቻህን ከተዉህም አንዷ እኔ እንደነበርኩ፣ እስክከተልህ ድረስ፣ አልደብቅም።

ባለቤትህ
አልማዝ