ምስጥ ያልበላው ቤት

ሰኞ፣ መጋቢት 21/2001

እንጨቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ትምህርት ላይ ነን፤ አንደኛ ክፍል በሙሉ ሰሌን ላይ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ሰላምታም ሳታስቀድም ገብታ የቤቱን የጎበጡ እንጨቶች እየዳሰሰች ትዞራለች። በሩ አጠገብ ካሉት አራቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። በመጋዝ የቆረጥኳቸው እነሱን ነው።

ሳህራ ትባላለች። የወላጅ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ የአዴር ፋራህ ሚስት፣ የተማሪዬ የሆዳን እናት። ቀብሪበያ ሄዳ የታመመች እኅቷን ስታስታምም ወራት ቆይታ ትናንት ተመለሰች። ቤቷን ትምህርት ቤት ሆኖ አገኘችው።

«ማን ነው የቆረጠው?» አለችኝ።

«ምስጥ በልቶት ነው» አልኳት። «እንዳይወድቅ የተበላውን ቆረጥንለት።»

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ሰሌዳው አልገባ ብሎኝ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ መግባት ሰልችቶኝ ነው በሩን ለማስፋት የቆረጥኩት። ሃምሳ ልጅ እየሰማ ዋሸሁ። ያን ቀን እንጨቱ እንዳይንቀሳቀስ ጫፉን ይዛልኝ የነበረችው ደግሞ ሆዳን ናት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 22

ሆዳን አልመጣችም።

ለራሴ እንኳ ከመጀመሪያው ልጻፈው። ያለን አንድ የቆርቆሮ ክፍልና አንድ ዳስ ነበር። የዳሱን የማዳበሪያ ጆንያ ጣራ ጥቅምት ላይ ንፋስ ወሰደውና አንደኛ ክፍሎች ፀሐይ ላይ ቀሩ። አዴር ፋራህ አቃላቸውን ውሰድ አሉኝ፤ ተነቅሎ በግመል የሚጫነውን የእንጨትና የሰሌን ቤት። ወሰድኩ።

ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግኩ የባለሱቅ ልጅ ነኝ። አቃል የሴቷ መሆኑን፣ ለሠርጓ የሚሠራላት መሆኑን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። አውቃለሁ። አውቄ ነው ያልጠየቅኩት። ብታስጠይቃት እምቢ ትልሃለች ብዬ ፈራሁ።

ርዕሰ መምህሩም እኔው ነኝ፤ ለወረዳው ምን ብዬ ጻፍኩ? «በኅብረተሰቡ ተሳትፎ አንድ ጊዜያዊ መማሪያ ክፍል ተሠርቷል።» ሀርሺን፣ የወረዳው ስብሰባ ላይ ተነበበና ተጨበጨበልኝ። ተነስቼ እጅ ነሣሁ፤ አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ዛሬ አዴር ፋራህ ዘንድ ሄድኩ። ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ትስማማለች ብዬ ነበር አሉና ወሬውን ወደ ዝናብ አዞሩት። በምሥራቅ በኩል ጥሎ ሣር ወጥቷል፤ ቅዳሜ ግመሎቻቸውን ይዘው ወደዚያ ይነሳሉ። ቤቱም፣ ሆዳንም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 23

ዛሬም የለችም።

ያሰብኳቸው መላዎች፦
አጠና ከጅግጅጋ ማስመጣት። አጠና እንዲህ አይጎብጥም።
የተቆረጠውን በሽቦ አስሮ መቀጠል። ያስቃል።
ዝም ማለት። ቅዳሜ ይሄዱ የለ?

ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆየሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ መጥራቱ ነው።

አሥራ አንድ ልጅ ዛሬ ስሙን ያለ እርዳታ ጻፈ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለሳምንት ይበቃኝ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24

ሄድኩ። ሳህራ የጭነት ገመድ ስትገምድ አገኘኋት። ሳልቀመጥ ተናገርኩ፤ ምስጥ አልነበረም፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ቀና አላለችም። «ምስጥ በመጋዝ አይበላም» አለች።

ከዚያ እየገመደች ነገረችኝ። እንጨቶቹ የግራር ሥር ናቸው። እናቷና አክስቶቿ ቆፍረው አውጥተው፣ በእሳት አሙቀው አጉብጠው ለሠርጓ ሰጧት። ስንት ዓመት ሲጫኑና ሲራገፉ አንድም አልተሰበረም። እተካለሁ አልኩ፤ መገመዷን ቀጠለች። ልሄድ ስል ነው የጠራችኝ።

«ሰኞ ማታ ልጄን ጠየቅኳት። ምስጥ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ ብላ ማለችልኝ። ለአንተ ብላ። ማዓሊን፣ ትምህርት ቤት ልኬያት ያስተማርክልኝ ይህን ነው?»

ማዓሊን መምህር ማለት ነው። ስንት ጊዜ ተጠርቼበታለሁ፣ እንደ ዛሬ አልከበደኝም። ስመለስ ሰው እንዳያገኘኝ በደረቁ ወንዝ በኩል ዞርኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 26

ጠዋት ልጆቹን ሰበሰብኩ። ሳህራ ገመዷን ይዛ ቆማለች፣ ሆዳን ከኋላዋ ናት።

ሰኞ የነገርኳችሁ ውሸት ነው አልኩ። ባለቤቷ ያልሰጠችኝን ቤት ወሰድኩ፣ ቆረጥኩት፣ በምስጥ አሳበብኩ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆዳን ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው እጇን አወጣች። «እኔም ይዤ ነበር» አለች።

«የያዝሽው እኔ ስላዘዝኩሽ ነው» አልኳት።

ሳህራ ሁለታችንንም አየችን። ከዚያ ቤቱን ማፍረስ ጀመረች። እንጨቶቹን አላስነካችኝም፤ ሰሌን እንድጠቀልል ግን ፈቀደች። አራቱን አጫጭሮችም አብራ ጫነቻቸው። ምን ያደርጉልሻል ብላት፣ «በሩ ዝቅ ይላል» አለች። «ዘንድሮ ጎንበስ ብለን እንገባለን።»

ሆዳን ደብተሯን ይዛ ሄደች። በጋ ሲገባ ይመለሱ ይሆናል። እሷ እኔ ዘንድ ትመለስ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ለመጠየቅ ምን አፍ አለኝ?

ሪፖርቱን እንደገና ጻፍኩት። መማሪያ ክፍል፦ አንድ። አንደኛ ክፍል ከእንግዲህ የሚማርበት ዛፍ፦ አንድ። የተበላሸ የሰው ንብረት፦ አንድ ቤት። ያበላሸው፦ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር።

ሀርሺን የሚሄደው አይሱዙ ነገ ጠዋት ያልፋል። ፖስታውን አሽጌ ኪሴ ከትቻለሁ። ሁለት ጊዜ አውጥቼ መልሼዋለሁ። ሆዳን እንኳ እጇን አወጣች።