የአስካለ ልቃቂት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ስፕሪንግ ቫሊ፣ አሜሪካ

ዛሬ በገዛ አፌ ጉድ ሆንኩ። የልጅ ልጄ ቤቲ በዚህ በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርቷን ከቤት ሆና በኮምፒውተር ነው የምትማረው። የድሮ አሜሪካኖችን ኑሮ የሚያሳይ ሙዚየም ዛሬ ለክፍሏ የሽመና ሥራ በቀጥታ አሳየ። አንድ ሰውዬ የጥንት ልብስ ለብሶ ሸማ ይሠራል። ድሩ ረግቧል። ክር ሲበጠስበት ደግሞ እንደ ጫማ ማሰሪያ ቋጠረው። አርባ ዓመት ሸማኔ የነበርኩ ሰው እንዴት ዝም ልበል? «ኧረ እንዲህ አይቀጠልም! ድሩን ወጥረው!» ብዬ ጮህኩ።

ለካ ማይኩ ክፍት ኖሯል። «አባባ፣ ሁሉም ሰማ እኮ!» ብላ ቤቲ ፊቷን ሸፈነች። ሰውየው ግን ሳቀ። በእሷ አስተርጓሚነት፣ «የሚመጣው ሐሙስ ክር አቀጣጠሉን ለልጆቹ ያሳዩልናል?» አለኝ።

«ምን ገዶኝ!» አልኩ።

እንዲህ ማለቴ ነው ጉዴ። ጣቶቼ እንደ ድሮው አይታዘዙኝም። ቤቲ ክፍሏ ፊት እንዳላሳፍራት ፈራሁ። ከሱቅ የገዛችልኝ ክር ያሟልጫል፣ አልያያዝ አለኝ። ቤት ያለው የጥጥ ፈትል ባለቤቴ አስካለ ከመሞቷ በፊት የፈተለችው አንድ ልቃቂት ብቻ ነው።

«በሱ ፕራክቲስ አድርግ እንጂ፣ አባባ» አለችኝ ቤቲ።

ለመቀጠል እኮ መጀመሪያ መበጠስ አለበት። ጫፉን እንደያዝኩ ብዙ ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ የስንቱን ክር ቀጥያለሁ። የአስካለ ፈትል ግን እጄ ላይ ተበጥሶ አያውቅም። አሁን እኔው ልበጥሰው?