ታደሰና ነጩ ወይን

ሸዋ ሮቢት፣ ቅዳሜ፣ ጥር 17

ዛሬ ጓደኞቼን ቤቴ ጠርቼ ሦስት ዓይነት ነጭ ወይን ቀመስን። በዚህ ሙቀት እንዳይበላሽ ጠርሙሶቹን በረዶ ውስጥ አቆይቻቸው ነበር። አንዱ "ሎሚ ሎሚ ይላል" ሲል ሌላው "ማር ማር" ይላል። አብሮ አደጌ ታደሰ ግን የሌሎቹን ቃል ብቻ ይደግማል። ሦስተኛው ወይን ኮምጥጦ ሁላችንም ፊታችንን ስናጨማድድ እሱ "ግሩም ነው" ብሎ ጨለጠው።

ስሸኘው በር ላይ ጠየቅሁት።

"ክረምት ላይ ጉንፋን ከጣለኝ ወዲህ አፌ ጣዕም አይለይም። አስቴር እንዳትሰማ" አለኝ።

አስቴር ሚስቱ ናት። በቀደም ዕለት፣ "ታደሰ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ማለቱን ትቶ ወጤን ማመስገን ጀመረ" ብላ ስታጫውተኝ ፊቷ ፈክቶ ነበር።

ነገ ምሳ ጠርታኛለች። እሱ ሲያመሰግናት ዓይኔን ወዴት እንደማደርገው እንጃ።